የሚያስፈራው ተረቱ ሳይሆን ቤቱ ሲሆን

ባሕር ማዶ አንድ የተለመደ ነገር አለ። በጥንታዊ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሻማ ይለኮሳል፣ ተዋንያን የኤድጋር አለን ፖን አስፈሪ ታሪኮች ይተውናሉ፣ ተመልካቹ ይደነግጥና እየሳቀ ወደ ቤቱ ይገባል። ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሮቤና በጎባ ብርድ ያደግን ሁሉ እሳት ዳር ተቀምጠን የጅብና የጭራቅ ተረት ሰምተናል፤ ከዚያ ደጅ መውጣት ፈርተናል። ፍርሃቱ የሚጣፍጠው ግን ውሸት መሆኑን ልባችን ስለሚያውቅ ነው።

ታሪኩም ቤቱም እውነት ሲሆንስ?

አዲስ አበባ የሚገኘው የምኒልክ ግቢ በ2012 «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ጎብኚው የዙፋን ቤቱን አይቶ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረው እዚያ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ብዙዎቹ ወደ ከርቸሌ ተወስደው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው፦ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን። ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ግቢ ሞቱ። አፅማቸው ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ነው፤ በክብር የተቀበሩት ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993፣ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ።

ፖ እንዲህ ያለ ታሪክ አልጻፈም። ጎብኚው ግን ከምድር ቤቱ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ አንበሳ ሊያይ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ ቦታው የተሰናዳው እንደዚያ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ እዚያው ቲያትር ይሠራበት» ሊል ይችላል። እኔ እጠራጠራለሁ። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1962 ድረስ የሠራ ግራን ጊኞል የሚባል የሰቆቃ ቲያትር ነበር። ከናዚ ማጎሪያዎች በኋላ የመድረክ ደም ማንንም አላስደነግጥ አለ፤ የመጨረሻው ኃላፊም ለመዘጋቱ የሰጡት ምክንያት ይኸው ነበር። እውነተኛ ሰቆቃ በነበረበት ቤት የውሸት ጩኸት ማሰማት ሟቹን ማሳነስ ነው።

መንገዱን መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አሳይቶናል። በ2002 ሲከፈት ጎብኚውን ያስተናገዱት ራሳቸው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ትወና የለም። ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ የሟች ልብስ አለ፣ በዝግታ የሚናገር ምስክር አለ። ከዚያ እየሳቀ የሚወጣ ሰው አላየሁም።

ወደ ባሌ ልመለስ። እኛ ጋ የሚጎበኝ ምድር ቤት የለም። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የባሌ ገበሬ በመንግሥት ትእዛዝ ከየቀዬው ተነስቶ በመንደር ተሰበሰበ። ብዙ ሰው የገዛ ጎጆውን በእጁ አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ። ታሪኩን ሊነግረን የሚችለው ቤት ራሱ ፈርሷል ማለት ነው። የቀረው የሽማግሌና የአሮጊት አፍ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እያነሰ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገባ ስልክህን መቅረጫው ላይ አድርገህ አጠገባቸው ቁጭ በል። «አባባ፣ የድሮው ቤታችሁ የት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ።