«ዋይፋዩ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት፦ የአሮጌው ፕሌይስቴሽን ታሪክ በመርካቶ

መርካቶ ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን «ኢንተርኔት አልይዝም» ያለ ቀን የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ «ዋይፋዩ ተቃጥሏል»። ይግባኝ የለውም። ባለቤቱ ወይ ቦርድ ያስለውጣል፣ ወይ በወረደ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ካልሆነም ዕቃው ቀስ እያለ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርድና ለመለዋወጫ ይበታተናል።

እኔ ዛሬ ለተከሳሹ ጥብቅና ልቆም ነው። ክርክሬም ይህ ነው፦ «ተቃጠለ» የሚያሰኙት ምልክቶች አብዛኞቹ ከመቃጠል ጋር ዝምድና የላቸውም። ችግሩ የታሪክ ነው። ዕቃው በአንድ ዘመን ተሠርቶ በሌላ ዘመን ከመጣ መሣሪያ ጋር አላግባባ ስላለው ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ ጥገናውን ግማሽ መንገድ ሄዶታል።

(ለአንባቢ አንድ ማሳሰቢያ፦ የዕቃዎቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር በእኛው እጽፋለሁ። ሁለቱን አለማምታታት ለምን እንደሚጠቅም ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።)

ከኔትወርኩ የቀደመው ዕቃ

መርካቶ ራሷ ሌላ ሰው ባወጣው ፕላን የተተከለች ገበያ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ያመጣው ስም ነው እስከ ዛሬ የምንጠራት። ነጋዴው ግን ፕላኑን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ ተራ በተራ እየከፋፈለ፣ ለራሱ እንዲመች አድርጎ ሠራት። ከውጭ የመጣ ዕቃም መርካቶ ሲገባ ዕጣው ይኸው ነው። ሠሪው ካሰበው ሌላ ኑሮ ይጀምራል።

ፕሌይስቴሽን 2ን ውሰዱ። ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው በማርች 2000 ሲሆን ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዋይፋይ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኢንተርኔት ለፈለገ ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ነበር፤ በ2004 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያውን ከጀርባው ይዞ መጣ። ታዲያ ያ መሰኪያ እኛ ጋ ምን ያደርግ ነበር? አቧራ ይሰበስብ ነበር! ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ። በዚያ መስመር ቶኪዮ ካለ ልጅ ጋር ኳስ መጫወት ቀርቶ አንድ ፎቶ መክፈትም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለዚህ ጌም ቤቱ የራሱን ኔትወርክ ሠራ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይነሳል፤ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። ሶኒ በሽቦ ሊያገናኝ ያሰበውን ሰፈሩ በትከሻ አገናኘው። ኮኔክሽን ተቋርጦ አያውቅም፤ መብራት ካልሄደ በቀር።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ፣ ከርካሹ ባለ 20 ጊጋባይት ሞዴል በስተቀር፣ ዋይፋይ በሆዱ ይዞ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 ተከተለ። እነዚህ ማሽኖች በተሳፋሪ ሻንጣም በነጋዴ ካርቶንም ገበያው ውስጥ ሲገቡ የቤት ዋይፋይ ገና ብርቅ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ታሪፉን ሲቀንስ፣ ከዚያም የመደበኛ ብሮድባንድ ደንበኛው እየበዛ ሲሄድ፣ አሮጌው ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ «ኢንተርኔት ያዝ» ተባለ። አብሮት የተቀመጠው ራውተር ግን ከእሱ ብዙ ዓመት የሚያንስ ነበር። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት መስመር

ፕሌይስቴሽን 3ም ሆነ 4 ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የኢንተርኔት ግንኙነቱን እንዲፈትሽ ብታዙት ውጤቱን መስመር በመስመር ይነግራችኋል። አንደኛው አይፒ አድራሻ ማግኘቱን፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት መድረሱን፣ ሦስተኛው የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መግባቱን። አብዛኛው ሰው «አልተሳካም» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ያጠፋዋል። ትልቁ ቁም ነገር ግን የትኛው መስመር ላይ እንዳልተሳካ ነው።

*አንደኛው መስመር ላይ ከወደቀ* ጉዳዩ በማሽኑና በራውተሩ መካከል ነው። ሁለቱ መነጋገሪያ አጥተዋል። ዋይፋይን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ቁልፍ ዌፕ ይባል ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ አገልግሎ በ2001 ሦስት ተመራማሪዎች ደካማነቱን አጋለጡ። በ2003 ደብሊውፒኤ፣ በ2004 ደብሊውፒኤ 2፣ በ2018 ደብሊውፒኤ 3 ተተኩ። አሁን ዕቃዎቹን በዕድሜ ደርድሯቸው። የ2004ቱ ኒንቴንዶ ዲኤስ ከዌፕ ሌላ አያውቅም። ፒኤስፒ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ደብሊውፒኤን ተማረ፣ እዚያው ቆመ። ፕሌይስቴሽን 3 እና 4 እስከ ደብሊውፒኤ 2 ይሄዳሉ። አዲሱ ራውተር «ደብሊውፒኤ 3 ብቻ» ተብሎ ከተሞላ አሮጌው ማሽን ትክክለኛውን ፓስወርድ ሺህ ጊዜ ቢጽፍ አይገባም። መፍትሔው የራውተሩን ሴቲንግ ወደ ደብሊውፒኤ 2 መመለስ ነው። ወደ ዌፕ ግን አትውረዱ፤ ያ በሩን ክፍት ትቶ መተኛት ነው።

ቀጥሎ ሞገዱ አለ። ፕሌይስቴሽን 3 እና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚሰሙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ የገባው በ2016ቱ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ራውተሩ 5 ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ስም አጣብቆ ከያዘ፣ ስልኩ «ሙሉ ኔትወርክ» ሲል ማሽኑ ባዶ ዝርዝር ያሳያል ወይም ይደነባበራል። የ2.4ቱን ስም ለይታችሁ ስጡት፣ ይለይለታል።

ሦስተኛው ቻናል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ባመዛኙ ከቻናል 11 በላይ አይሰሙም። ዕቃው ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነና ራውተሩ በራሱ ጊዜ 12ን ወይም 13ን ከመረጠ፣ ዋይፋዩ ለማሽኑ የለም ማለት ነው። ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን በእጃችሁ ምረጡ፤ እርስ በርስ የማይረባበሹትም እነዚህ ሦስቱ ናቸው። መርካቶን በመሰለ ቦታ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደርቦ፣ ግድግዳው ቆርቆሮና ብረት ሆኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ራውተር ሰቅሎ፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ገመድ አልባው ጆይስቲክ ራሱ ብሉቱዝ ስለሆነ የሚጫጫኸው በዚያው በ2.4 ሰፈር ነው።

እውነተኛ የአካል ጉዳትም አለ፤ አልክድም። ማሽኑ ለአቧራ ጠረጋ ሲከፈት ቀጭኗ የአንቴና ሽቦ ትነቀልና ሳትመለስ ይዘጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከመከፈቱ በፊት ደህና ይዝ የነበረው ከተከፈተ በኋላ ራውተሩ አጠገብ ካልተቀመጠ አይዝም። ይህ ቦርድ መቀየር አያስፈልገውም፤ ሽቦዋን ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። የራዲዮ ክፍሉ በእርግጥ ሞቶ ከሆነስ? እነዚህ ማሽኖች ሁሉ ከጀርባቸው የገመድ መሰኪያ አላቸው። አንድ የኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ስቦ መሰካት ከቦርድ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ገመድ እያለ ቦርድ ማስለወጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

*ሁለተኛው መስመር ላይ ከወደቀ* ማሽኑ ነፃ ነው፤ ራውተሩን አግኝቷል። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መንገድ ነው የተቋረጠው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የስልካችሁን ዳታ አጥፍታችሁ በዚያው ዋይፋይ አንድ ገጽ ክፈቱ። ስልኩም እምቢ ካለ ማሽኑን ለምን ትፈታላችሁ? ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያ ሰሞን በምድር ላይ ካለ ባለሙያ አንዱም የጌም ቤቱን ዋይፋይ ሊጠግን አይችልም ነበር። እኛ አገር «የዕቃው ችግር ነው ወይስ የመስመሩ?» የሚለው ጥያቄ ከመፍቻ መቅደም አለበት።

*ሦስተኛው መስመር ላይ ከወደቀ* ዋይፋዩም ቴሌውም ደህና ናቸው፤ በሩን የዘጋው ሩቅ ያለው ድርጅት ነው። እዚህ ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ ቀኑን። የውስጧ ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ ቀን ይጠፋበታል። ባለቤቱ በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል፤ የዛሬው የደህንነት ሰርተፍኬት «ገና ያልተሰጠ» መስሎ ይታየውና ይጥለዋል። የፈረንጁን ቀን ሙሉለት።

ሁለተኛ፣ ክራክ የተደረገ ማሽን። ሶኒ ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ከኔትወርኩ ማገድ ጀምሯል። የታገደ ማሽን ዋይፋዩ አልተቃጠለም፤ ኳሱን ግን አግዳሚው ላይ እንደ ድሮው ይጫወታል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኒንቴንዶ የዲኤስንና የዊን የኦንላይን ጨዋታ በሜይ 2014 ዘግቷል። የኤክስቦክስ 360 መሸጫም በጁላይ 2024 ተዘግቷል። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን መሸጫ ሊዘጋ ነው ብሎ አስታውቆ ነበር፤ ተጠቃሚው ሲጮህበት ሐሳቡን ቀየረ። በዚህ ጩኸት ውስጥ የመርካቶ ድምፅ አልነበረበትም። ሶኒ አካውንት ሲያስከፍት የሚያቀርበው የአገሮች ዝርዝር ለረጅም ዘመን ኢትዮጵያን ዘሎ ነው ያለፈው፤ ልጆቻችንም «አሜሪካ» ብለው ሞልተው ነው የገቡት። በስም አሜሪካዊ፣ በእግር አዲስ ከተማ!

ፍርዱን ማን ይስጥ?

እንግዲህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ጌም ቤት ለከፈተ ወጣት ያ ማሽን መተዳደሪያው ነው። «ተቃጥሏል» የምትለዋ አንዲት ቃል የዕቃውን ዋጋ ታወርዳለች፣ ለማያስፈልግ ቦርድ ታስከፍላለች፣ በመጨረሻም የሚሠራ ማሽን ታስበትናለች። መርካቶ ደግሞ ዕቃ እንዲህ በቀላሉ የሚሞትባት ገበያ አልነበረችም። ምናለሽ ተራ ዝናው ሌላው የጣለውን ማዳን ነው፤ ያልሞተውን ለመቅበር መዋል የለበትም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ማሽናችሁን ታቅፋችሁ ወደ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ሦስቱን መስመር አንብቡ። ጠጋኙንም «ስንተኛው ላይ ነው የወደቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው እጁ ላይ ተዉለት። ከሌለው አመስግናችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ስትመለሱም አምስት ሜትር ገመድ ግዙ።