«ወግ አጥባቂ» የተባለው ገበሬና የሚችሌ ትግል

በከተሜው ምሁር አንደበት «ተራማጅ» የሚለው ቃል ከአስፋልትና ከዩኒቨርሲቲ፣ «ወግ አጥባቂ» የሚለው ደግሞ ከእንሰትና ከጎጆ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። የጌዴኦ ታሪክ ግን ይህን ፍረጃ አይቀበልም።

ቡና በገበያ ዋጋ እያወጣ በሄደ ቁጥር ባለርስቱ በጌዴኦ ጭሰኛ ላይ የጫነው ቀንበር ከበደ። ገበሬው በአባቶቹ መሬት ላይ ራሱ ተክሎ ካሳደገው ቡና እርቦ፣ ማለትም አራተኛውን እጅ፣ ይገብር ነበር፤ ዐሥራቱና የጉልበት ግዴታው በዚያ ላይ ይደመራል። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ በአብዛኛው ጦርና ስለት ይዞ ጠመንጃ ከታጠቁ ባለርስቶች ጋር ተፋለመ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ አመፁም ተደቆሰ።

ዘመኑን ልብ እንበል። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ገና አልተሞከረም ነበር። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅም የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። መፈክሩ ሳይጻፍ ጥያቄው በደም ቀርቧል።

ይህ ገበሬ ለመታገል ሲል ወጉን አልጣለም። ሶንጎ በተባለው ሸንጎው ይመክራል፤ «ባሌ» በተሰኘው አገር በቀል ሥርዓቱ ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ያሸጋግራል፤ ቡናና እንሰትን ከጥላ ዛፍ ጋር አስማምቶ ያለማል። ዩኔስኮ ይህንኑ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ተውኔታችን ገበሬውን ከከተማ የሚመጣ አንቂ ጠባቂ አድርጎ ማሳየትን ለምዷል። ሚችሌ የሚያስተምረን ግን አንቂው ሲደርስ ሕዝቡ ቀድሞ ነቅቶ እንደነበር ነው።