ስለ ድምፅ ሽቦና ስለ መሬት ሽቦ ታሪክ

ባለፈው ኅዳር ወር ከትምህርት ቤታችን የመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ የሆኑ አዛውንት ወደ አዳራሻችን መጥተው ስለ ጥንቱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጫወቱን፤ በመጨረሻም ያን ጊዜ ተማሪዎች ጧት ጧት ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር ዘመሩልን። እኛም ለበዓሉ እንዲሆን ድምፃቸውን ቀረጽን። በማግሥቱ ስናዳምጠው ግን ከቃላቸው በታች እንደ ንብ ቀፎ የሚጉረመረም ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገብቶበት አገኘነው። እጅግ ስላዘንን ምክንያቱን ለማወቅ መጻሕፍት መመርመር ጀመርን፤ ነገሩም የመቅረጫ ስቱዲዮ ከመኖሩ በፊት የጀመረ ታሪክ ያለው ሆነ።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሚካኤል ፋራዴይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1836 በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም 12 ጫማ የሆነ ክፍል ከእንጨት አሠርቶ ሽቦና ስስ የብረት ቅጠል አለበሰው። ከውጭ ኤሌክትሪክ እየሞሉት ብልጭታ ከግድግዳው ሲዘል፥ እርሱ የሚነድ ሻማና መመርመሪያ መሣሪያ ይዞ ገባ። በውስጡም አንዳች የኤሌክትሪክ ምልክት አላገኘም። ዛሬ በማይክሮፎን ኬብል ውስጥ ሽቦዎቹን ከብቦ የሚታየው የመዳብ መረብ የዚያ ክፍል የልጅ ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ መረቡ ብቻውን አይበቃም፤ ከትራንስፎርመር የሚወጣው የማግኔት ኃይል ስሱን መዳብ አልፎ ይገባልና። ለዚህ መድኃኒቱ የመጣው ከቴሌፎን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴሌፎኖች የሚሠሩት በአንድ ሽቦ ሲሆን፥ መመለሻው መሬቱ ራሱ ነበረ። ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መሬት የሁሉም ናት። የቴሌግራፍ ድምፅ ወደ ጆሮ ይገባ ነበር፤ በ1888 በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ እንደ ተሠራው ያለ፥ ሐዲዱንና መሬቱን መመለሻ ያደረገ የኤሌክትሪክ ትራም ሲስፋፋ ደግሞ ሁከቱ ባሰ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ግን አስቀድሞ በ1881 ሁለት ሽቦዎችን እንደ ገመድ ገምዶ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። የተገመዱትን ሽቦዎች ሁከቱ እኩል ስለሚነካቸውና ተቀባዩ መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ፥ ሁከቱ ይጠፋል። የስቱዲዮ ማይክሮፎን ኬብል ሦስት እግር ያለውም ስለዚህ ነው፤ አንደኛው ለመረቡ፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለተገመዱት ሽቦዎች።

የመሬት ሽቦ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ሁለት መሣሪያዎች በየሶኬታቸው ከመሬት ጋር ተያይዘው ሳለ፥ በኬብሉ መረብ ደግሞ እርስ በርሳቸው ከተያያዙ፥ ክብ መንገድ ይሠራሉ። በዚያ መንገድ በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኃይል በጥቂቱ ይፈስሳል፤ እርሱም ነው የሚጉረመረመው። በ1995 ኒል መንሲ የተባለ የድምፅ መሐንዲስ፥ ብዙ መሣሪያዎች መረቡን በብረት ገላቸው ላይ በማሰር ፈንታ ወደ ውስጠኛው ክፍላቸው አስገብተው ሁከቱን በገዛ እጃቸው እንደሚጋብዙ ጻፈ። ፋራዴይ ከሣጥኑ ከወጣ 159 ዓመት ሆኖት ነበር!

በአዳራሻችን ማደባለቂያው ሚክሰር ከኋላ ግድግዳ፥ ኮምፕዩተሩ ከመድረኩ ሶኬት ኃይል ይወስዱ ነበር። የሚያገናኛቸውም ኬብል አንድ ሽቦና መረብ ብቻ ስለነበረው፥ መረቡ የድምፁም መመለሻ ነበረ፤ የጥንቱ ቴሌፎን ስሕተት ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ የሶኬቱን የመሬት እግር እንቁረጠው ብሎ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ግን አጥብቀው ከለከሉን፤ ኃይል የያዘው ሽቦ ቢላቀቅና የመሣሪያውን ብረት ቢነካ፥ ያ እግር ከሌለ መንገዱ የሰው ገላ ነውና። ሁለቱንም መሣሪያዎች ከአንድ ማከፋፈያ ብንሰካቸው ጉርምርምታው በዚያው ቅጽበት ጠፋ።

በጥር ወር ወደ አዛውንቱ ቤት ሄደን እንደ ገና ቀረጽናቸው። ታሪኩን ሁሉ ደገሙልን፤ በአዳራሽ የረሱትንም ጨመሩበት። መዝሙሩን ስንጠይቃቸው ግን ጉንፋን ይዟቸው ነበርና «ልጆቼ፥ ድምፄ እንቢ አለ» አሉን። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍታችን የተቀመጠው መዝሙር ያው የኅዳሩ ነው፤ ንቦቹም አሉበት።