ከቄሣር ወደ አክሱም የመጣ ደብዳቤ

የኔታ ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማሩን በፀሐይ ነበር። ጠዋት ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል በመቋሚያቸው ጫፍ ያመለክቱና «ክበቧ አብ፣ ብርሃኗ ወልድ፣ ሙቀቷ መንፈስ ቅዱስ፤ ፀሐይ ግን አንዲት ናት» ይሉናል። እኛም «አንዲት ናት» ብለን ወደ ፊደላችን እንመለሳለን። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያውን በዚህ ዓይነት ተሻገርኩት። ጥያቄ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም በየኔታ ፊት የሚነሣ አልነበረም። «በስመ አብ» ሳይባል እንጀራ በማይቆረስበት ቤት ያደገ ልጅ ሥላሴን ማንም ሳያስረዳው ይለምዳል።

ጋዜጠኝነት ተምሬ አሮጌ ጽሑፍ ማገላበጥ እንጀራዬ ከሆነ በኋላ ነው አንድ ደብዳቤ ያነበብኩት። ከዚያ ወዲህ «በስመ አብ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል።

የተጻፈው በ356 ወይም በ357 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ላኪው የሮም ቄሣር ቆስጠንጢዮስ፣ የታላቁ የቆስጠንጢኖስ ልጅ፤ ተቀባዮቹ የአክሱም ገዢዎች ኢዛናና ሳይዛና ናቸው። ቄሣሩ «ወንድሞቼ» እያለ ቢያከብራቸውም ነገሩ ትእዛዝ ነው። ኤጲስ ቆጶሳችሁን ፍሬምናጦስን ፈጥናችሁ ወደ ግብጽ ላኩት፤ በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ጊዮርጊስ ሃይማኖቱን ይመርምረው፤ የሾመው አትናቴዎስ ወንጀለኛ ነውና ትምህርቱ ሕዝባችሁን እንዳያበላሽ ይላል። (ጊዮርጊስ ሲባል ፈረሰኛው ሰማዕት እንዳይመስላችሁ። ይኸኛው በቄሣሩ ወታደሮች ኃይል መንበሩን የያዘ ሰው ነው።)

መቼም ሮም ለአክሱም የምትጽፍበት ጉዳይ አታጣም። የአዱሊስ ወደብ አለ፤ የዝሆን ጥርስ አለ፤ በቀይ ባሕር የሚመላለሰው የሕንድ ሸቀጥ አለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ወልድ ከአብ ጋር እኩል ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄውን ያነሣው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ነበር። ሲሰሙት ለአእምሮ የሚቀል ነገር ነው። ልጅ የሚመጣው ከአባት በኋላ ነው፤ እንግዲያው ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፤ ከፍጥረት ሁሉ ቢከብርም እርሱም ፍጡር ነው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን 318 ናቸው የምትላቸው፣ ይህን አወገዙ። ወልድ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ ነው ለማለትም «ሆሞኡሲዮስ» የሚለውን የግሪክ ቃል መረጡ። ጉባኤው ቢበተንም ክርክሩ አልተበተነም። ቆየት ብሎ አስታራቂ ነን ያሉ ወገኖች «ሆሞይኡሲዮስ» ብንልስ አሉ፤ በባሕርይ የሚመስለው ማለት ነው። በግሪክኛ በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል፣ አንዲት ዮታ ናት። ለአንዲት ፊደል ይህ ሁሉ ጠብ ብለው የሳቁ ጸሐፊዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ።

ሳቄን ያስተወኝ ራሱ አትናቴዎስ ነው። ክርክሩን ሲያነቡት የሰማይ ሒሳብ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ፍጡር ፍጡርን ከሞት ሊያድን አይችልም ይላል። ወልድ ፍጡር ከሆነ ሰው ከአምላኩ ጋር አልታረቀም፤ ያገኘው መልእክተኛ ብቻ ነው። በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀው ሕፃንም የተጠመቀው በፈጣሪና በፍጡር ስም ተደባልቆ ነው ማለት ይሆናል። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚሉት እናቶቻችን የሚጠሩት ማንን ነው? ዮታዋ የያዘችው ይህን ነበር። የመንፈስ ቅዱስም ጉዳይ እንዲሁ ሲያከራክር ቆይቶ በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተደመደመ።

አትናቴዎስ በዚህ አቋሙ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ በድምሩ 17 ዓመት ያህል ከመንበሩ ርቆ ኖረ። ደብዳቤው ወደ አክሱም ሲጻፍም ወታደር እየፈለገው በግብጽ በረሃ በመነኮሳት መካከል ተደብቆ ነበር። ፍሬምናጦስንማ እናውቀዋለን፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። ከጢሮስ በልጅነቱ መጥቶ፣ የተሳፈረበት መርከብ ሰዎች አልቀው እርሱና ኤዴሲዮስ ብቻ ተርፈው፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነው። ጳጳስ ላኩልን ሊል እስክንድርያ ቢወርድ አትናቴዎስ ከአንተ የሚሻል ማን አለ ብሎ እርሱኑ ሾሞ መለሰው።

ኢዛናን ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። «የአምላክ ልጅ» የሚለው ቃል ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። ከቤጃዎች ጋር ስላደረገው ዘመቻ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ባስቀረጸው፣ ዛሬም አክሱም ላይ ቆሞ በሚታየው ድንጋይ፣ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል። በግሪክኛው ማሕረም «አሬስ» ተብሏል። ልጅነቱ የዙፋን ማዕረግ ነበር። በ1969 በተገኘው ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍ ግን ይኸው ንጉሥ በእግዚአብሔር እምነት፣ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ይጀምርና ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። ጨረቃና ክበብ የነበረበት ሳንቲሙም በመስቀል ተተካ። ልጅነቱን ለሌላ ለቅቆ አገልጋይ መሆን ለአንድ ድል አድራጊ ንጉሥ ቀላል አይመስለኝም። ያ የለቀቀለት ወልድ እንደ አርዮስ አባባል ፍጡር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ልውውጡ ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?

በግዕዝ ያስቀረጸው አንድ ጽሑፍ ላይ «የሰማይ ጌታ» ብቻ ብሎ ያልፋል። ገና ያልተጠመቀው የአገሩ ሰውም ሊቀበለው የሚችል ስም ነው። ሦስቱን ዘርዝሮ የጠራው የባሕር ማዶ ነጋዴና የሮም መልእክተኛ በሚያነበው ቋንቋ ነው። ድንጋዩ ቀን የለውምና የደብዳቤው መልስ ነው ብዬ አልሟገትም። ቢሆን ግን ደስ ይለኛል።

በወረቀት የሰፈረ የአክሱም መልስ አልተረፈም። ቆስጠንጢዮስ በ361 ሞተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊዮርጊስን የእስክንድርያ ሕዝብ ገደለው። አትናቴዎስ ወደ መንበሩ ተመለሰ። በእኛ ዘንድ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አለው፤ ሠለስቱ ምዕትም እንዲሁ። ይመርመር የተባለው ፍሬምናጦስ የጳጳሶቻችን የመጀመሪያው ሆኖ ይቆጠራል።

ከቄሣሩ ማኅተም ጋር የወጣው ወረቀት ዛሬ የለም። ቃሉን የምናውቀው ተከሳሹ አትናቴዎስ በስደት ሳለ ለቄሣሩ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ደብዳቤውን እንዳለ ገልብጦ ስላስቀመጠው ነው።