ተች፦ የፋይልን ሰዓት የሚቀይር ትዕዛዝ

ተች በዩኒክስና በሊኑክስ የትዕዛዝ መስመር ላይ የፋይልን የጊዜ ማህተም የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ይገኛል። በጣም የጠቀመው ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ የጻፈውን ሜክን ለሚጠቀሙ ነው። ሜክ የትኛው ኮድ እንደገና ኮምፓይል መደረግ እንዳለበት የሚለየው የፋይሎችን ሰዓት አስተያይቶ ስለሆነ፣ ፕሮግራመሩ አንዲት ፊደል ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ አድሶ ሥራውን ያስጀምረዋል።

ትዕዛዙ ከፋይሉ ስም ጋር ብቻ ሲጻፍ ሰዓቱን ወደ አሁን ያመጣል። ፋይሉ ከሌለ ባዶውን ይፈጥረዋል፤ ዛሬ ብዙዎች የሚያውቁት በዚህ ነው።

የተወሰነ ቀን ለመስጠት ሰረዝና ቲ ተጽፎ ቁጥሩ ይከተላል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ትዕዛዙ የሚቀበለው የአውሮፓውያንን ቀን አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ነው። በአገራችን አቆጣጠር የ2016 ጥምቀት፣ ጥር 11 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ 202401200930 ተብሎ ይጻፋል።

ተች ፋይሉ የተነበበበትንና ይዘቱ የተለወጠበትን ሰዓት እንደልብ ይቀይራል። ሦስተኛውን፣ የፋይሉ መዝገብ የተነካበትን ሰዓት ግን ተጠቃሚው እንዲመርጥ አይፈቅድም። ተች በሠራ ቁጥር ስርዓተ ክወናው በዚህ ቦታ የወቅቱን ሰዓት ያሰፍራል፤ የዲጂታል ወንጀል መርማሪዎችም ወደ ኋላ የተመለሰ ቀን ሲጠረጥሩ ይህን ያያሉ።