የሚያስተጋባ ክፍልና መድኃኒቱ

ለቤት ውስጥ ሲኒማ የሚያገለግለው ፕሪአምፕ ፕሮሰሰር ከፊልሙ የሚመጣውን ዲጂታል ድምፅ ፈትቶ ለእያንዳንዱ ስፒከር ድርሻውን የሚያከፋፍል፣ የድምፁን መጠንና ሚዛን የሚወስን፣ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ግን ለሌላ አምፕሊፋየር የሚተው መሣሪያ ነው። ከሃያ ዓመታት ወዲህ በዚህ መሣሪያ ላይ የተጨመረው ትልቁ ተግባር ክፍልን ማረም ይባላል፤ ይህም አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ ማይክሮፎን አኑሮ ክፍሉ በድምፁ ላይ ያደረሰውን ለውጥ መለካት፣ ከዚያም ድምፁ ወደ ስፒከሩ ከመድረሱ በፊት ለውጡን በሚያካክስ መልኩ አስተካክሎ መላክ ማለት ነው። አስቸጋሪ ክፍል ያለው ሰው ፕሮሰሰር ሲመርጥ ተስፋውን የሚጥለው በአብዛኛው በዚህ ተግባር ላይ ነው። ተስፋው እስከ ምን ድረስ እንደሚያዋጣ ለመረዳት ግን የክፍል ድምፅ ጥናት የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ ስም «መጥፎ ክፍል» ተብለው የሚጠሩት ችግሮች ሁለት ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት፣ በአዲሱ የፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ያለው የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይለይበት ሆኖ በመገኘቱ መፍትሔ እንዲፈለግለት በጠየቁ ጊዜ፣ ሥራው ገና ሠላሳ ዓመት ባልሞላው የፊዚክስ መምህር በዋላስ ክሌመንት ሳቢን እጅ ገባ። የአዳራሹ ሕመም ማስተጋባት ነበር። ማስተጋባት ከገደል ማሚቶ ይለያል፤ የገደል ማሚቶ ከሩቅ ነጥሮ ራሱን ችሎ የሚመለስ ድምፅ ሲሆን፣ ማስተጋባት ግን ድምፁ በግድግዳ፣ በጣሪያና በወለል መካከል እየተላተመ፣ ነጸብራቆቹ እርስ በርሳቸው ተደባልቀው፣ ምንጩ ዝም ካለ በኋላም ቀስ እያለ የሚከስም ጅራት ነው። በፎግ አዳራሽ ይህ ጅራት አምስት ሴኮንድ ተኩል ያህል ይቆይ ስለነበር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር መምህር እንኳ የአንዱ ቃል ድምፅ ሳይጠፋ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ቀለማት ጨምሮ ይናገር ነበር።

ሳቢን ድምፅን የሚለካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበረውም። መሣሪያዎቹ አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ አንድ የጊዜ መቁጠሪያና የገዛ ጆሮው ብቻ ስለነበሩ፣ የከተማው ጫጫታ ጋብ እስኪልለት እየጠበቀ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሠራ ነበር። ከአቅራቢያው የሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ እየደረደረ፣ ትራሱ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያጥር መዘገበ፤ ትራሶቹ ሁሉ በገቡ ጊዜም ማስተጋባቱ ከአንድ ሴኮንድ እምብዛም የማይበልጥ ሆነ። የለበሰው ልብስ ራሱ ድምፅ እንደሚመጥና ውጤቱን እንደሚያዛባ በተረዳ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶቹን ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ በሙከራ ሌሊቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ እየለበሰ እንደ አዲስ ጀመረ። የክፍል ድምፅ ጥናት ሳይንስ ለመባል የበቃው በዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1898 ከዚህ ድካም የወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል። የማስተጋባት ጊዜ፣ ማለትም ድምፁ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ለመቀነስ የሚወስደው ሴኮንድ፣ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ በክፍሉ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅም ሲካፈል ይገኛል። የመምጠጥ አቅምን ሳቢን የሰፈረው በክፍት መስኮት ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ አንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት የደረሰበትን ድምፅ ሁሉ እንደ መጠጠ ይቆጠራል፣ ምንጣፍም ሆነ ልስን በዚሁ መስፈሪያ ይለካል። ቀመሩ በሥራ ላይ የዋለበት ታላቁ ሕንፃ በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ሲሆን፣ ግንባታው ሳይጀመር ድምፁ በስሌት የታሰበበት የመጀመሪያው የሙዚቃ አዳራሽ እንደሆነ ይታወቃል፤ ዛሬም ከዓለም ምርጥ አዳራሾች አንዱ ተብሎ ይጠራል።

ቀመሩን ወደ መኖሪያ ቤት ማምጣት ቀላል ነው። አምስት ሜትር በአራት ሜትር ስፋትና የሦስት ሜትር ከፍታ ያለው፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ሳሎን፣ በአዲስ አበባ አዳዲስ ቤቶች እንደሚታየው ዓይነት ማለት ነው፣ 60 ሜትር ኩብ ይዘትና 94 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። ገጹ ከሚደርስበት ድምፅ በአማካይ 5 በመቶውን ብቻ የሚመጥ ከሆነ ማስተጋባቱ ሁለት ሴኮንድ ይሆናል፤ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋና የመጻሕፍት መደርደሪያ ገብተው አማካዩ ወደ 20 በመቶ ከፍ ካለ ግን ወደ ግማሽ ሴኮንድ ይወርዳል። በሁለት ሴኮንድና በግማሽ ሴኮንድ መካከል ያለው ልዩነት የፊልም ተዋናይ የሚለው በማይሰማበትና ቃል በቃል በሚሰማበት ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ኤሌክትሪክ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በተቃራኒው በር ነበር። በ1951 የተከፈተው የለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ የማስተጋባት ጊዜው ከታሰበው አጥሮ ድምፁ ደረቅ ስለሆነ፣ በ1960ዎቹ በጣሪያው ውስጥ ማይክሮፎኖችና ስፒከሮች ተሰውረው የጎደለውን ማስተጋባት እንዲጨምሩ ተደርጓል። ማስተጋባት በኤሌክትሪክ ሊጨመር እንደሚችል ይህ ሥራ አሳየ። መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድምፁ አንዴ ከስፒከሩ ወጥቶ በመላው ክፍል ከተሰራጨ በኋላ መልሶ የሚሰበስበው ገመድ የለም፣ በዋናነት የሚያከስመውም ከግድግዳውና በክፍሉ ካሉ ዕቃዎች ጋር ያለው ግጭት ነው። የዛሬ ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው በዚህ ወሰን ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

በዚያው ዘመን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሲ. ፒ. ቦነር፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በአዳራሾች የድምፅ ማጉያ ሲተከል ክፍሉ አንዳንድ ቃናዎችን ብቻ ነጥሎ እንደሚያጎላ ተመልክቶ፣ እነዚያን ቃናዎች በጠባብ ማጣሪያ የመቀነስን ዘዴ አስፋፋ። አልቴክ የተባለው ኩባንያ በ1967 ተመሳሳይ አሠራርን ለገበያ አቀረበ፤ በ1970ዎቹም የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ የሲኒማ ቤቶችን ድምፅ በማይክሮፎንና በኢኳላይዘር፣ ማለትም የተለያዩ የድምፅ እርከኖችን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ መሣሪያ፣ አንድ ወጥ ለማድረግ ተጠቀመበት። የቤቱ መሣሪያ የተከተለው ከኋላ ነው፦ ዶልቢ ሰራውንድ በ1982፣ ፕሮ ሎጂክ በ1987፣ ከዚያም በ1992 ወደ ሲኒማ የገባው ዶልቢ ዲጂታል በ1995 በሌዘር ዲስክ ቤት ደረሰ። አምፕሊፋየር ብዙ ዓመት ሲያገለግል የድምፅ መፍቻው ግን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚያረጅ፣ ሁለቱን ለያይቶ መፍቻውን ብቻ መቀየር ለብዙ ሰው አዋጭ ሆነ፤ ራሱን የቻለ ፕሮሰሰር ገበያ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ችግር፣ የወፍራም ድምፅ ችግር፣ ይበልጥ የጎላው ሲኒማው ወደ ትንሽ ክፍል ሲገባ ነው። 34 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 34 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ሞገዱ አሥር ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የግማሹ ርዝመት ከአምስት ሜትር ክፍል ጋር እኩል ስለሆነ፣ ነጸብራቁ ከመጪው ሞገድ ጋር ተገጣጥሞ ከቦታው የማይነቃነቅ ቋሚ ሞገድ ይፈጥራል። በዚህ ጊዜ በግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ሰው ድምፁ ሲያጓራበት በክፍሉ መካከል የተቀመጠው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። ጀርመን የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር ቋሚ ሞገዶች ተነጥለው የሚገዙበትና ተደባልቀው የሚጠፉበት ወሰን የት እንደሆነ በስሌት አሳይቷል፤ ከላይ ለተጠቀሰው ሳሎን፣ ማስተጋባቱ ግማሽ ሴኮንድ ሲሆን፣ ወሰኑ 180 ሄርዝ ገደማ ነው።

ፕሮሰሰር በእውነት የሚፈውሰው ከዚህ ወሰን በታች ያለውን ነው። ቋሚ ሞገድ ያጎላውን ቃና በትክክለኛው ማጣሪያ መቀነስ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የሚንጠለጠልበትን ጊዜም ያሳጥራል፤ ድምፁ የጠፋበትን ጉድጓድ በኃይል ለመሙላት መሞከር ግን ከንቱ ነው፣ 10 ዴሲቤል መጨመር የአምፕሊፋየሩን ሥራ አሥር እጥፍ ሲያደርገው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ለጉድጓዱ የተገኘው መልስ የመጣው ከስፒከሮች አቀማመጥ ነው። የድምፅ ተመራማሪው ቶድ ዌልቲ በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ በአራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠሩ ስፒከሮች፣ ሰብዉፈር የሚባሉት፣ ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች በእያንዳንዳቸው አጋማሽ ላይ ሲቀመጡ ሞገዶቹ እርስ በርሳቸው እየተሻሩ ድምፁ በየመቀመጫው እንደሚቀራረብ አሳይቷል። በስዊድን ኡፕሳላ በ2001 የተመሠረተው ዲራክ የተባለ ኩባንያ፣ በሎስ አንጀለስ በ2002 የተመሠረተው ኦዲሲና የፈረንሳዩ ትሪኖቭ ክፍል የማረም ሥራን ወደ ቤት መሣሪያ ካስገቡት መካከል ሲሆኑ፣ በአንድ ነጥብ ፈንታ በብዙ መቀመጫዎች መለካትን ያስለመዱትም እነዚሁ ናቸው።

ስለዚህ አስቸጋሪ ክፍል ያለው ገዢ በመሣሪያው ሳጥን ላይ የተደረደሩትን የድምፅ ቅርጸት ምልክቶች ከመቁጠር ይልቅ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይሻላል፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰብዉፈሮችን፣ የእያንዳንዳቸውን መዘግየትና መጠን ለይቶ የሚያስተካክል መሆኑን፣ በዝቅተኛው እርከን ላይ ማጣሪያው ጠባብ ቃናዎችን ለይቶ የሚነካ መሆኑን፣ እርማቱም ከተወሰነ ሄርዝ በላይ እንዲቆም ተጠቃሚው ማዘዝ መቻሉን። የመጨረሻው ችላ ሊባል አይገባውም፤ ከ300 ወይም ከ500 ሄርዝ በላይ ማይክሮፎኑ የሚለካው የስፒከሩን ድምፅና የግድግዳውን ነጸብራቅ ደባልቆ ስለሆነ፣ ጥሩ ስፒከር በስህተት ሊበላሽ ይችላል። ክፍሉ አሁንም ሁለት ሴኮንድ የሚያስተጋባ ከሆነ ግን ውድ ፕሮሰሰር ገና አይገዛም፤ አስቀድሞ ምንጣፉ፣ መጋረጃውና የግድግዳው መሸፈኛ ይገባል፣ ሳቢን በፎግ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከፀጉር የተሠራ ወፍራም ፈልት አስለጥፎ ንግግር እንዲሰማ እንዳደረገው።