ለመሄጃችን መዝገብ ነበረ

በ1996 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ለአንድ የሥጋ ዘመዴ ተዝካር ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የታጠፈው አውቶቡስ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ያደረሰኝ ማምሻው ላይ ነው። በማግሥቱ ከድንኳኑ ጥግ ባና የደረቡ አንዲት አሮጊት በሰው አስጠሩኝ። የልጅነት ጓደኛዬ እናት ነበሩ። ጉልበታቸውን ስሜ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ እዚያ ስም ጠሪው አንተ ነበርክ አሉ። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። የልጁን ስም ለጸሎት ስሰጥ፣ ቄሱ ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን የምጠራው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ነገሩ የአንድ ቤት ኀዘን ቢመስልም፣ እኚህ እናት የጠየቁኝ የታሪክ ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ውዬ አድሬ ነው። ልጃቸውም እኔም በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከመንዝና ግሼ አውራጃ ከተወሰዱት ወጣቶች መካከል ነበርን። ስለዚያ ዘመን የጄኔራሎችና የፖለቲካ መሪዎች ማስታወሻ በየመጻሕፍት መደብሩ ሞልቷል። ምልምሉ ወጣት ግን ብዙ አልተነገረለትም። ስለዚህ ዛሬ ለማውራት የምፈልገው ስለ ጦር ሜዳው ሳይሆን፣ ከጦር ሜዳው በፊት ስለነበሩት ስድስት ወራትና በእነዚያ ወራት በእጄ ስለነበረው አንድ ደብተር ነው።

መንዝ ለወታደርነት እንግዳ አገር አይደለም። ከነጋሲ ክርስቶስ ጀምሮ የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከዚሁ ደጋ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሠራዊት እንዲሰበሰብበት የተመረጠው ወረኢሉም ከግሼ ባሻገር ያለ የጎረቤት አገር ነው። የዚያ ዘመን ዘማች በሶውን አስፈጭቶ፣ አህያውን ጭኖ፣ ከሚያውቀው አለቃ ኋላ ይከተላል። ዘመኑ ግፍ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ ባላገሩ ጎተራውን ያጣ እንደነበር የታወቀ ነው። ሆኖም ዘማቹ ከወንዙ ልጆች ጋር ስለሚዘምት፣ ቢወድቅ ማን የት እንደ ወደቀ የሚናገር ሰው ወደ ቀዬው የመመለስ ዕድል ነበረው። መርዶ ነጋሪ ነበረው ማለት ነው።

ይህ ግንኙነት የተለወጠው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ በየቀበሌውም ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። በመንዝ የጓሳን ሣርና ግጦሽ ለዘመናት ሲያስተዳድር የኖረው የቀሮ ሥርዓት ሳይቀር ፈርሶ ሥልጣኑ ለአዲሱ ማኅበር ተላለፈ። መሬት ለማደላደል እያንዳንዱ ጎጆ፣ በጎጆውም ውስጥ ያለው ነፍስ መቆጠር ነበረበት። ቆጠራው የተጀመረው ለፍትሕ ነበር፤ ጭሰኛ ለነበረው የአገራችን ገበሬ ከዚያ አዋጅ የበለጠ ነገር በዘመኑ አልመጣለትም። ዳሩ ግን መንግሥት በገጠር እንዲህ ያለ ክንድ ካበጀ በኋላ ለሌላ ሥራም አዋለው። በ1968 ዓ.ም. ለራዛ ዘመቻ፣ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ለእናት ሀገር ጥሪ ገበሬው ከየአገሩ ተሰበሰበ። ታጠቅ የሚለው የጦር ሰፈር ስም በየገጠሩ የታወቀው ያኔ ነው።

ከዚያም የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ፣ ቁጥር 236/1975 ወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም በተጠባባቂነት እንዲቆይ የሚያዝ ነበር። ሕጉ በራሱ ባዕድ ነገር አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ከፈረንሳይ እስከ ሶቭየት ኅብረት ብዙ አገሮች ወጣቶቻቸውን በግዴታ ያሠለጥኑ ነበር። ልዩነቱ ከአፈጻጸሙ ላይ ነው። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ምልመላው በዙር በዙር ቀጠለ። ኮታው ከላይ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር ይወርዳል። ማኅበሩ ኮታውን በስም ካልሞላ፣ በገበያ ቀን በአፈሳ ይሞላል። ሁለት ዓመት የተባለውም አገልግሎት ጦርነቱ ባለማብቃቱ ለብዙዎች ማብቂያ አልነበረውም።

የእኔ ተራ በደረሰ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምት ከአባቴ ቤት ነበርኩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ቆሞ የስም ዝርዝር አነበበ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። ካነበባቸው ስሞች አንዱ የራሱ ወንድም ልጅ ስም ነበር። ጎረቤቴ፣ ከላይ ያነሣኋቸው እናት ልጅ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ «ሞልቶኛል በል» ተባለ፤ አለም። እናቱ የገብስ ቆሎና በሶ ቋጠሩለት። አባቴ በርኖሱን አውልቆ ለእኔ አለበሰኝ። በማግሥቱ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን።

ካምፑ ቆላ ነው። ስሙን መጥራት ለነገሩ አይጠቅምም፤ በየካምፑ ያለፉ ወንድሞች የነገሩኝ ሁሉ እኔ ካየሁት ብዙ አይለይም። ውርጭ ለለመደ የመንዝ ልጅ የመጀመሪያው ጠላት ሙቀቱ ነበር፤ የአባቴ በርኖስ በሳምንቱ ትራስ ሆነ። ሁለተኛው ወባ ነው። ደገኛ ወባን አያውቃትም፤ ሰውነቱም አልተዋወቃትም። ተኩስ ሳንሰማ በፊት ከመሐላችን በትኩሳት የወደቁ ነበሩ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ፊሽካ ይነፋል። በጨለማ እየዘመርን እንሮጣለን። ስንመለስ ሻይና ኮቾሮ ይታደለናል። ጠዋቱ ሰልፍ ነው፤ ተጠንቀቅ፣ ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሣሪያችን ከእንጨት የተጠረበ ነበር። በኋላ ክላሽንኮቭ መፍታትና መግጠም፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ በደረት መሳብ ተማርን። ምሳችንን በየጋሜላችን ተቀብለን ጥላ እንፈልጋለን። ከሰዓት በኋላ የፖለቲካ ትምህርት አለ። ካድሬው ስለ ኢምፔሪያሊዝምና ስለ መደብ ትግል ሲያስረዳ፣ ሌሊቱን በጥበቃ ያሳለፈው ምልምል ዓይኑን ገልጦ መተኛትን ይማራል። መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» እጃችንን አንሥተን እንቀበላለን። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርሰን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሐቁን ለመናገር ካምፑ ክፉ ብቻ አልነበረም። ከወላይታ፣ ከሐረርጌ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲ የመጡ ልጆችን ያወቅሁት እዚያ ነው። አገሬ ከጣርማ በር ማዶም እንዳለች በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ አየሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያልደረሳቸው ጓደኞቼ፣ ማታ ማታ በእንጨት አመድ ላይ እየጻፉ ፊደል ለዩ። የጓደኛዬም የመጀመሪያ ደብዳቤ ለእናቱ የተጻፈው በራሱ እጅ ነው። አራት መስመር ነበረ፤ ሦስቱ ሰላምታ፣ አራተኛው «ጫማ ተሰጥቶኛል» የሚል።

አሥረኛ ክፍል መጨረሴ ለአንድ ሥራ አበቃኝ። የጋንታችን ስም ጠሪ ሆንኩ። ሠላሳ ስድስት ሰዎች ነበርን። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተወለደበት አውራጃ፣ ወረዳ፣ ገበሬ ማኅበር፣ የቅርብ ተጠሪ፤ ይህ ሁሉ በደብተሩ ሰፍሯል። ጠዋትና ማታ እጠራለሁ፤ እያንዳንዱ «አቤት!» ይላል። አንድ ሰው ከጎደለ ካምፑ ሁሉ ይታወካል። የጎደለው እስኪገኝ ድረስ እራት የለም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ይሏል፤ አንድ ምልምል ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ የሚያንቀጠቅጥ መንግሥት ነበረን።

ሥልጠናው ሲያበቃ ደብተሩን አስረከብኩ፤ ተፈራርመንም ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ጋንታችን ተበተነ፤ ጎረቤቴ ወደ አንዱ ክፍል፣ እኔ ወደ ሌላው ተመደብን። የተለያየነው በመኪና ላይ እጅ በማውለብለብ ነው።

የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት አፋቤት ወደቀች። በ1981 ዓ.ም. የካቲት ሽሬ ተከተለች። በ1982 ዓ.ም. የካቲት ምጽዋ ተያዘች። እኔ በሽሬው ዓመት ቆስዬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ በሳምንቱ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ። ከ400,000 በላይ ወታደሮች ተሰናብተው ወደየመጡበት ተመለሱ፤ የሚቋቋሙበት ኮሚሽንም ተቋቋመ። የተመለሰው በዚህ መንገድ ተቆጠረ። ያልተመለሰውን ግን የእኛ ቀበሌ ቤተሰብ ያወቀው፣ ከተመለሱት መሐል ልጁን በማጣቱ ብቻ ነው። ስሙን ከጥድ ሥር ቆሞ ያነበበለት ነበር፤ መርዶውን ከጥድ ሥር ቆሞ ያነበበለት ግን አልነበረም።

የሊቀ መንበሩ ነገርስ? በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን፣ በደርግ ዘመን በማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው መሬታቸው ተቀነሰ። የእኛም ሊቀ መንበር ከእነርሱ አንዱ ነበር። ብዙዎች «ይበለው» አሉ። እኔ ግን ያ ቅጣት ምን እንዳስገኘ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁለትም። ስም ያነበበው ገበሬ ማሳውን አጣ፤ የተነበበው ስም የት እንደ ደረሰ ግን ያኔም የጠየቀ የለም። ዝርዝር በማንበቡ ሰውየውን የቀጣው አዲሱ ሥርዓት፣ ዝርዝሩን ራሱን ፈልጎ ለባለቤቶቹ ሊመልስ አልሞከረም።

ይህ ለምን ያንገበግባል የሚል የከተማ ወዳጅ ይኖራል። በመንዝ ሞት ሥርዓት አለው። ፍትሐት የሚደረሰው ሞቱ ለታወቀ ነው፤ አርባውና ተዝካሩ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑ ያልታወቀ ሰው አርባ የለውም። ሚስቱ መበለት ናት ወይስ ባለትዳር? እናቱ ከል ትልበስ ወይስ ትጠብቅ? ብትለብስ ሟርት፣ ባትለብስ ጭካኔ ይሆንባታል። እኚያ እናት በ1996 ዓ.ም. ሲጠይቁኝ ልጃቸው ከሄደ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን የሚሰጡት ከሕያዋን ጋር ነበር።

አንድ አጋጣሚ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእኛ የውትድርና አዋጅ በወጣበት በዚያው በ1975 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ አሜሪካውያን በዋሽንግተን ከተማ አንድ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ መረቁ። ግድግዳው ላይ በቬትናም ጦርነት የሞቱና የጠፉ ከ57,000 በላይ ወታደሮቻቸው ስም በየተራ ተቀርጿል። ያም ጦርነት የተሸነፉበት፣ ሕዝባቸውን የከፋፈለ ጦርነት ነበር። ግድግዳው ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም አይልም። ስም ብቻ ይጠራል። የወደቀን ወታደር ስም መጻፍ የላከውን መንግሥት ማወደስ አይደለም። እኛ ግን ደርግን ለመርሳት ስንቸኩል፣ ደርግ በግድ የወሰዳቸውን ልጆች ጭምር ረሳን።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘልቆ ሞላሌ ስትታመስ፣ «ክተት» የሚለው ጥንታዊ ቃል እንደገና ተሰማ። ከዚያም ወዲህ የአገሬ ደጋ ከተኩስ ድምፅ አላረፈም። ወጣቱ በአንዱም ወገን ይሰለፍ በሌላው፣ ሲሄድ የሚመዘግበው አያጣም። ለተማሩት የከተማ አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ወይም ያንን ጥሪ ስንደግፍም ሆነ ስንቃወም፣ የመመለሻው መዝገብ በማን እጅ ነው ብለን ጠይቀናል? ለመሄጃ ስም የጻፈ ሁሉ ለመርዶም ስም መጻፍ ግዴታው ነው።

እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀምጬ የጋንታችንን ስም በተራ ለመጻፍ ሞከርኩ። ጠዋትና ማታ ስድስት ወር የጠራሁት ነውና ከሠላሳ ስድስቱ ሃያ ዘጠኙ መጡልኝ፤ የሰባቱ የአባት ስም ጠፋብኝ። ከየስሙ ጎን አውራጃውን ጻፍኩ። መኖሩን ካረጋገጥኩት ፊት አንድ ምልክት፣ መሞቱን በዓይኑ ካየ ሰው ከሰማሁለት ፊት ሌላ ምልክት አደረግኩ። አሥራ አንዱ ምንም ምልክት የላቸውም። የጎረቤቴ ስም ከእነርሱ አንዱ ነው።

እናቱ አርፈዋል። ስማቸው አሁን በየተዝካሩ ከሙታን ጋር ይጠራል። የልጃቸውን ስም ለቄሱ እንድሰጥ አደራ ያሉኝ እኔን ስለሆነ በየዓመቱ እሰጣለሁ። ቄሱም በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል።